ለሰቆጣ መንገድ የሚሆን ሞላ

የወንድሜ መኪና ሰቆጣ የገባችው በራሷ ጎማ ተሽከርክራ አይደለም፤ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ በገመድ ተጠፍራ ነው። ሆዷ ለመሬት በጣም ይቀርባል። ከአዲስ አበባ ያመጣት ሾፌር “እኔ ይቺን ኮረኮንች ላይ አልነዳም፣ ግማሿ መንገድ ላይ ይቀራል” ብሎ ከቆርቆሮና ከሲሚንቶ ጋር ጫናት። ገበያው አጠገብ ያለ የአፈር ቁልል ዳር አቁመው በሳንቃ ላይ እያንሸራተቱ ሲያወርዷት ብዙ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ላይ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ዝቅ ብላ የተለጠጠች ባለ ሁለት በር የጃፓን መኪና ናት። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ዙሪያዋን ዞሩና ወደ እኔ መጡ።

“የኋላው በር የት ሄደ?”

“ሲሠሯትም የላትም አባባ። ለሩጫ የተሠራች ናት።”

“ወዴት ለመሮጥ?” አሉኝ።



ወንድሜ የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ኩላሊቱን ታሞ። አዲስ አበባ ሊፍት እየጠገነ ኖረ፤ ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ዕቃውን ሲከፋፈል አልጋውም ቴሌቪዥኑም ባለቤት አገኙ። መኪናዋን ግን “ትሸጥና ለተዝካሩ ትሁን” አሉ። እኔ “ላኩልኝ” አልኩ። “አንቺ ሰቆጣ ላይ ምን ታደርጊባታለሽ? መንጃ ፈቃድ እንኳን የለሽ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እናታችንን አስታምሜ ከቀበርኩ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። መኪና ቀርቶ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ቢሆንም “ላኩልኝ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መንጃ ፈቃዱን በትምህርት ቤት ዕረፍት ወልድያ እየተመላለስኩ አወጣሁ።

ያቺን መኪና ሳላያት በፊት ነው የማውቃት። ወንድሜ እሁድ እሁድ ይደውልልኝ ነበር፤ የምናወራውም በአገው ቋንቋችን በኽምጣና ነው። ሰቆጣ ላይ ኽምጣና የሚናገር ሰው ሞልቷል። እኔን ግን ተማሪውም ወላጁም ባለሱቁም “መምህርት” ብሎ በአማርኛ ነው የሚያናግረኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ በልጅነት ቋንቋዬ ስሜን የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ስለ መኪናዋ ሲያወራ ግን ይቸገር ነበር። ለሞላ፣ ለሾክ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለቸርኬ በኽምጣና ቃል ስለሌለው የእናታችንን ቋንቋ ከጋራዥ ቋንቋ ጋር ይደባልቅና ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መብራትም ስልክም ጠፋ። ከዓመት በላይ ድምፁን ሳልሰማ ኖርኩ፤ እሱ እኔን ትኑር ትሙት አያውቅም፣ እኔም ስለ እሱ አላውቅም። መስመሩ የተመለሰ ዕለት ሁለታችንም ብዙ አለቀስን። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ፣ ቤቱ ቆመ ወይ፣ እህሉስ ተባባልን። ወሬው ሲያልቅ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁትና እንዲህ አለኝ፦

“እታለም፣ ሞላውን ቀየርኩት።”

“የቱን ሞላ?”

“የመኪናዋን ነዋ። አጭር አስገባሁላት። አሁን መሬት ነው የምትስመው። ኩርባ ላይ ንቅንቅ አትልም።”

ዕንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ያ ሁሉ መከራ አልፎ የነገረኝ የመጀመሪያው መልካም ዜና እሱ ነው።

እና መኪናዋ እጄ ስትገባ ያ አጭር ሞላ አብሯት መጣ። ከግቢዬ ያወጣኋት ቀን የበሩን ደፍ ሳልፍ ብረት ከድንጋይ ሲፋጭ ሰማሁ፤ ጥርሴን ነከስኩ። የተነጠፈው ድንጋይ ላይ ስሄድ እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ወገቤን ይነርተኝ ነበር። ሰው ሲያይ እንዳልታይ ማለዳ ማለዳ፣ ገበያው ሳይነሳ ነበር የምለማመደው። ወንድሜ ያላት መኪና ይህች ናት ወይ? እሱ የነገረኝ እንደ ጀልባ የምትንሸራተት ነበረች። ከአዲስ አበባው አስፋልት ሰቆጣ ስትመጣ ሌላ ሆነች። አንዳንድ ጊዜ እኔም ሰው ፊት እንዲያ ነኝ እላለሁ።

ፍሬኑ የከዳኝ ከላሊበላ በኩል ስመለስ ነው። ለመለማመድ ብዬ ብልባላ ድረስ ሄጄ ነበር። ወደ ከተማ የሚያስገባው ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ወረድኩ፤ ማርሽ ቀንሶ መውረድን ወልድያ ተምሬዋለሁ፣ እግሬ ግን ገና አልተማረውም። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፔዳሉ ለሰለሰ፤ እንደ ሊጥ ሆነ። ቤቶች ወዳሉበት ስደርስ ብረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደና ምንም አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ማርሹን ከላይ ወደ ታች ጎተትኩት፤ ሞተሩ ጮኸ። መንገድ ዳር ለግንባታ የተከመረ አሸዋ አየሁና መሪውን ወደዚያ አዞርኩ። አፍንጫዋ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። ሰው ተሰበሰበ። “እግዜር አተረፈሽ” ያለኝም ነበር፤ “የሞተ ሰው መኪና ነው፣ ጸበል አስረጪው” ያለኝም ነበር። ከወንበሬ ሳልነሳ ቁልፉን አዙሬ አጠፋኋት። ያን ጊዜ ወንድሜ አጠገቤ ቢሆን በጣም ይስቅብኝ ነበር፤ ከዚያ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ይንበረከክ ነበር። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ግን የተማሪዎቼ ደብተር ብቻ ነው ያለው።

ከነዳጅ ማደያው ጎን ጋራዥ ያለው መካኒክ መጥቶ ጎትቶ ወሰዳት። ጎልማሳ፣ ሦስት ልጆቹን ያስተማርኩለት ሰው ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው ከጭነት መኪና ጋር ነው፤ እንዲህ ያለች ዝቅ ያለች ነገር ነክቶ አያውቅም። ክሪኩ ራሱ ሥሯ አልገባ ብሎት በሳንቃ አንስቶ ነው ያስገባው። ጎማውን ፈትቶ የፍሬን ሸራውን አወጣና አሳየኝ፤ ጠርዙ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ጥቁር ቡና መስሏል።

“ይሄ ዘይት ውኃ ጠጥቷል” አለኝ። “ስንት ዘመን እንደቆየ እንጃ። ሲግል ፈልቶብሽ ነው... ይቅርታ፣ ፈልቶብዎት ነው።”

“አንቺ በለኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ብለህ አትቸገር።”

“ኧረ እንዴት ተደርጎ መምህርት!” አለና እንደገና ወደ ሥሯ ገባ።

የፍሬኑ ነገር ገባኝ፤ ውኃ የገባበት ዘይት ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ እግሬ የሚገፋው እንፋሎቱን ብቻ ነው። ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪ አስረድቼ ይሆናል፤ በእግሬ የተማርኩት ግን ያን ቀን ነው። ከመካኒኩ ጋር የተጣላነው በሞላው ነው። እሱ ቀላል መፍትሔ ነበረው።

“ጠንካራ ጎማ ቆርጠን በሞላው ቀለበት መሐል እንሰካለን፤ ከፍ ትላለች። ለታክሲዎች እንዲያ ነው የምናደርገው።”

“ከፍ ትላለች እንጂ ሞላው መቼ ይታጠፋል? ጎማው የተሰካበት ቦታ አይሠራም፣ የቀረው ደግሞ የሱንም ሸክም ይሸከማል። አንድ ቀን እዚያው ጋ ይሰበራል።”

“ተሰብሮ አያውቅም።”

“እኔ ስነዳት እንዲሰበር አልፈልግም።”

ተቆጣ። “እንግዲያው መምህርት ራስዎ ይምረጡ” ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። አኩርፎ ግን አልቆየም፤ ተከትሎኝ መጣና ወደ ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ አብረን ሄድን።

የሱቁ ባለቤት ከአባቷ የወረሰችውን ንግድ የምታንቀሳቅስ ሴት ናት። አባቷ ጨርቅ ነበር የሚነግዱት፤ እሷ ወደ ባጃጅና ሞተር ዕቃ አዞረችው። መደርደሪያዋ ላይ ለኔ መኪና የሚሆን አንድ ብሎን እንኳን የለም፤ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚነግድ የአጎት ልጅ አላት። ቁጭ አድርጋ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ፤ “አላህ ያጽናሽ” አለችኝ። ከዚያ ለአጎቷ ልጅ ደወለች፤ እሱም ምሳ ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ላከላት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ሰማን።

ሰውየው ለወሬ የተፈጠረ ነው። ለዚህች ዓይነት መኪና ሦስት ዓይነት ሞላና ሾክ እንዳለ ነገረን። አንደኛው ለውድድር የሚሆን፣ ከፍታውን እንደፈለጉ በቁልፍ እያዞሩ የሚያወጡትና የሚያወርዱት ነው፤ “ከተማ ውስጥ ያለ ወጣት ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው” አለ። ሁለተኛው ፋብሪካው መጀመሪያ የገጠመላት ዓይነት፣ ለስላሳ ነው። ሦስተኛው ከፋብሪካው ትንሽ ረዘም ያለ፣ ወፈር ካለ ሽቦ የተሠራ፣ ለመጥፎ መንገድ ተብሎ የሚመጣ ሞላ ነው፤ ጠንከር ካለ የራሱ ሾክ ጋር። ፍሬኑን በተመለከተ ደግሞ “ለእህታችን ትልቁን ዲስክ ልላክላት፤ ግድግዳ ብትመታ እንኳን ቀድማ ትቆማለች” አለ።

መካኒኩ ዓይኑ በራ። “ትልቁን ዲስክ እንውሰድ!”

“ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ይበቃዋል?” አልኩ።

ባለሱቋ ስልኩን አንስታ ጠየቀችልኝ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አይበቃውም፣ ቸርኬውም በትልቅ መቀየር አለበት። ቸርኬው ትልቅ ሲሆን ደግሞ የጎማው ጎን ይቀጥናል፤ በቸርኬውና በድንጋዩ መሐል የሚቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ጎማ ነው።

“ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ያ ጎማ እስከ ምሳ አይቆይም” አለች ሴትዮዋ፤ ቤተሰቧ በጭነት መኪና ስንት ዓመት ተመላልሶበታል።

የፍሬኑን ምርጫ እዚያው ጨረስኩት። የዲስኩ መጠን አይቀየርም፤ ዲስኩ ግን አዲስ ይሆናል። ሙቀት የሚችል ጥሩ ሸራ፣ ሲረገጥ እንደ ድሮው የላስቲክ ቱቦ የማይነፋ በሽቦ የተሸፈነ ቱቦ፣ በቀላሉ የማይፈላ አዲስ ዘይት። የፍጥነት መኪና ለማቆም ሳይሆን አንዲት ሴት ከተራራ በሰላም ለማውረድ የሚሆን ፍሬን ነው የመረጥኩት።

ሞላው ላይ ግን ቀኑ ሄደ። “አስቢበትና ንገሪኝ” ብላ ሸኘችኝ፤ እኔም ስንት ሰንበት አለፈ ሳልነግራት። ችግሩ የፊዚክስ አልነበረም። አጭር ሞላ ደረቅ ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ የሚታጠፍበት ቦታ ስለሌለው ምቱን በቀጥታ ለመኪናዋ አካል ያደርሰዋል። ረጅምና ለስላሳው ደግሞ ኩርባ ላይ እንደ ግመል ያወዛውዛል። ሾኩ ሥራው ያንን ውዝዋዜ ማስቆም ነው፤ ሞላው ሲጠነክር ሾኩም አብሮት መጠንከር አለበት። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጽ ነው፤ ሦስተኛው ነው። ያልቻልኩት “አውጡት” ማለትን ነው። ወንድሜ በሕይወቱ ብዙ ነገር አልመረጠም። ሥራውን ያገኘው በዕጣ ነው፣ ቤቱን በኪራይ፣ ሕመሙንም አልመረጠም። ያንን ሞላ ግን መረጠው። መኪናዋን ከፍ ካደረግኋት የምትቀረው የማን መኪና ናት?

መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ለጊዜው ቀይሮ፣ ከከተማ እንዳልወጣ አስጠንቅቆ መልሶልኛል። ማታ ማታ ፈተና እያረምኩ ከመስኮቱ አያታለሁ። ግቢው መሐል ዝቅ ብላ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ውሻ ትቆማለች። ጎረቤቶቼ ደግ ናቸው፤ ሲያልፉ “ደህና አመሸሽ” ይሉኛል፣ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ፤ በዚያ ያልቃል። ስለ ሞላ የማማክረው ሰው አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ሰው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ “እታለም፣ አትንኪብኝ።”

በመጨረሻ ያስወሰነኝ ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ልወጣ ስል ሥሯ ያለው የጭስ ማውጫ ቱቦ የበሩ ደፍ ላይ ተጠልፎ ተቆርጦ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሆዷ ሁሉ ተጫጭሯል፤ የዘይት መያዣዋ ጥግ ሊበሳ ትንሽ ቀርቶታል። የወንድሜን ምርጫ እየጠበቅኩ መኪናዋን እየጨረስኳት እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። እዚያው በእግሬ ወደ ሱቁ ሄድኩና “ሦስተኛውን” አልኳት። ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ ስልኳን አነሳች።

ዕቃው መንገዱ ሰላም እስኪሆን ወልድያ ተቀምጦ ከረመ። ሲደርስ መካኒኩ ሞላዎቹን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባቸው። የወንድሜን ሞላዎች ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቢጫ ተቀብተዋል፤ በፋብሪካ ሳይሆን በእጅ፣ በብሩሽ። ቀለሙ አንድ ጎን ላይ ፈስሶ እንደ ዕንባ ወርዶ ደርቋል፤ የብሩሹ ፀጉር ውስጡ ተጣብቆ ቀርቷል። ወንድሜ ቀለም ሲቀባ ሁሌም ያበዛል። ልጅ ሆነን የቤታችንን መስኮት ሲቀባም እጁ ላይ ያለው መስኮቱ ላይ ካለው ይበልጥ ነበር።

“ይሄን ቀጥቃጮች ይፈልጉታል” አለኝ መካኒኩ። “ጥሩ ብረት ነው፣ ቢላ ይወጣዋል።”

“አይ፣ ስጠኝ።”

ፊቴን አየና በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ዛሬም ጓዳዬ ውስጥ ከገብስ ከረጢቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ምን እንደማደርግባቸው አላውቅም።

ሥራው አልቆ ከክሪኩ ስትወርድ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ተነስታ የቆመች ትመስላለች። መካኒኩ ራሱ ሥሯን አጎንብሶ አይቶ “ዶሮ ታልፋለች” አለና ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ አዲሱን የፍሬን ሸራ ካላለማመድኩት እንደማይዝ አስጠነቀቀኝ። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጌ፣ ፍጥነት ጨምሬ፣ ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ሳልቆም እንደገና መጨመር፣ እንደገና መያዝ፤ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ በዝግታ መንዳት ነው።

በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጀመርኩ። እነዳለሁ፣ እይዛለሁ፤ እነዳለሁ፣ እይዛለሁ። ዳር ዳሩን እንጨት የተጫነ አህያ እየነዳች የምትሄድ ሴት ነበረች። አንዴ በዚህ አልፋት፣ አንዴ በዚያ እመጣባት ሆነ። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝና በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

“ምን ጠፋሽ እህቴ? አብሬሽ ልፈልግ።”

“ምንም አልጠፋኝም። ፍሬኑን እያለማመድኩት ነው።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“የሚያቆመኝ።”

መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት። “እንደ በሬ ነዋ፤ ቀንበር እንደማለማመድ።”

“እንደዚያው ነው።”

“በሬ ሲለማመድ ግን አንድ የለመደ አጠገቡ ይጠመዳል” አለችኝና አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ተመለከተች። “አንቺ ብቻሽን ነሽ?”

“ብቻዬን ነኝ።”

“አይዞሽ” ብላ አህያዋን ነድታ ሄደች። እስክትርቅ ቆሜ ጠበቅኳት፤ ልሸኝሽ እንኳን ሳልላት ቀረሁ። ከዚያ የቀረውን ጨረስኩ። ሸራው ሽታውን አወጣ፤ ፔዳሉ እየጠነከረ፣ እግሬ ሥር እንደ ድንጋይ እየሆነ መጣ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ጉዞዬ ጥቅምት ላይ ወደ ደሃና ነው። እዚያ አምደወርቅ ከተማ ዳር የአባቴ እህት አሉ፤ ከአባቴ ወገን በሕይወት የቀሩኝ እሳቸው ናቸው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ቆላው ላይ ማሽላው ገና ቆሟል። ድንጋያማው መንገድ ላይ የምጠብቀው ምት አልመጣም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ሾኩ ያዝ ያደርገዋል፣ አለቀ። ወገቤ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ትልቁን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅሁ ወረድኩት። ኩርባው ላይ ትንሽ ታዘነብላለች እንጂ አትወላገድም። መሐል ላይ ራሴን ስሰማው ጮክ ብዬ አወራለሁ፤ በኽምጣና። “አየህ፣ ይዟል። አየህ፣ አልፈላም።” ደንግጬ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። መኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሳሙኝ፣ ስለ ወንድሜ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው መኪናዋን በመዳፋቸው ዳበሷት።

“የልጁ ይቺ ናት?”

“አዎ አክስቴ።”

“ለምድር የተጠጋች ናት ብለሽኝ አልነበር?”

“ነበረች። ወደ ላይ አነሳኋት፤ እሱ ያስገባውን ብረት አውጥቼ።”

ዞር ብለው አዩኝ። “ሳትጠይቂው?”

“ማንን ልጠይቅ አክስቴ?”

እሳቸው ወደ ቤታቸው በር እያመለከቱ “ያንን መቀርቀሪያ አየሽው?” አሉኝ። “ባሌ ሲሠራው በሱ ቁመት ነው የሠራው። ረጅም ነበር፤ ታውቂዋለሽ። እሱ ሲሞት እጄ አልደርስ አለ። ስንት ጊዜ በሩ ክፍት እያደረ በርጩማ ላይ እየወጣሁ ስዘጋ ከረምኩ። አንድ ቀን በርጩማው ከዳኝና ወደቅሁ። ያን ጊዜ አናጢ ጠርቼ አወረድኩት። ሰዉ ሁሉ አማኝ፤ የሟች እጅ ያረፈበትን ነቀለችው አሉ።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“ምን እላለሁ፣ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።”

ይህንን ሁሉ የነገሩኝ በኽምጣና ነው። ስሰማቸው ከቃላቸው ይልቅ ድምፁ፣ የእናቴን የመሰለው የአነጋገር ዜማ ነው የያዘኝ። ደግመው እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር፤ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ “በመኪናዋ ወስደሽ አዙሪኝ” አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ለመግባት ብዙ ታገሉ፤ ወንበሩ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ቀበቶውን ሳስርላቸው “እንደ በቅሎ ጫንሽኝ” አሉ። በከተማዋ መሐል ቀስ ብዬ ነዳኋቸው። የሚያውቁት ሰው ሲያዩ እጃቸውን በመስኮቱ ያወጣሉ፤ ሰውየው ሳያያቸው ካለፍን “ተመለሽ፣ አላየኝም” ይሉኛል። ተመለስኩ። ፍየሎች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬኑን ያዝኩት፤ መኪናዋ ጭጭ ብላ ቆመች።

“ስትቆም አትጮህም?” አሉኝ።

“የማይጮኸውን መርጬ ነው።”

“ጎበዝ” አሉ፤ ከዚያ ጭንቅላታቸውን አስደግፈው ተኙ። ቤታቸው ደርሰን እንኳን አልቀሰቀስኳቸውም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ፣ የፀሐይዋ ብርሃን ከገብሱ ላይ እስኪለቅ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በዚያ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰቆጣ መጥተው አብረውኝ እንዲኖሩ ለመንኳቸው። “ላሜ ልትወልድ ነው” አሉ። ላሟ ከወለደች በኋላም ለመንኳቸው፤ ያኔ ደግሞ ጥጃው ነበር። ግድ አላልኳቸውም።

ከዚያ ከመጀመሪያው ጉዞዬ በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። አቀበቱ ጫፍ ላይ ወርጄ ጎማዎቹ አጠገብ እጄን ዘረጋሁ፤ ሞቅ ብለዋል እንጂ አያቃጥሉም። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። በግራም በቀኝም ተራራ ነው፤ ከሩቅ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ይወርዳል፤ ጮኼ ብጠራው አይሰማኝም። ጥቂት ቆሜ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩና ገባሁ።

አሁንም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አምደወርቅ እሄዳለሁ። አክስቴ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ መኪናዋን የምለያት በድምፅ ነው ይሉኛል። የፍሬን ዘይቱን ክረምት ሲወጣ እቀይራለሁ። ሰሞኑን የቀኝ የኋላው ሾክ ዘይት ማላብ ጀምሯል፤ ጉድጓድ ሳልፍ በዚያ በኩል ከአንድ ጊዜ በላይ ትነጥራለች። መካኒኩ “ሁለቱንም ነው የምንቀይረው፣ አንዱ ብቻ አዲስ ሲሆን ትወላገዳለች” ብሎኛል። ትክክል ነው። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አዝዛለሁ።